ለትልልቅ እንስሳት አደን የመጀመሪያ ጠመንጃና ካሊበር አመራረጥ፦ የስዊድን ልምድ

በስዊድን ደኖች የሚኖረው ኤልግ ከአጋዘን ዘሮች ሁሉ ግዙፉ ሲሆን፣ ጎልማሳ ወንዱ ከ400 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል፤ በየዓመቱ በመከር የሚካሄደው አደኑም በሀገሪቱ ገጠሮች ሥር የሰደደ ባህል ነው። ይህን እንስሳ ለማደን የሚነሣ ጀማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የትኛውን ጠመንጃ በየትኛው ካሊበር መግዛት እንዳለበት መወሰን አለበት፤ ውሳኔውም ብዙዎች እንደሚገምቱት በጥይቱ ኃይል ብቻ ሳይሆን፣ በእርሳሱ ክብደትና አሠራር፣ በጠመንጃው ርግጫና በተኳሹ ችሎታ ላይ የተመሠረተ ሊሆን ይገባል።

አንድ ጥይት አራት ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም ሌሎቹን አቅፎ የሚይዘው የናስ ቀለህ፣ በመርፌ ሲመታ እሳት የሚጭረው ካፕሱል፣ ተቃጥሎ ወደ ጋዝ የሚለወጠው ባሩድ እና በአፈሙዙ የሚወነጨፈው እርሳስ ናቸው። ካሊበር የሚባለው በመሠረቱ የበርሜሉ የውስጥ ስፋት ሲሆን፣ በአውሮፓ አጠራር «6.5×55» ሲባል የመጀመሪያው ቁጥር ይህንኑ ስፋት፣ ሁለተኛው ደግሞ የቀለሁን ርዝመት በሚሊ ሜትር ይገልጻል። በአሜሪካ አጠራር ግን «.30-06» የሚለው ስያሜ የኢንች መቶኛ 30 የሆነውን ስፋትና ጥይቱ በአሜሪካ ጦር የጸደቀበትን ዓመት (እ.ኤ.አ. 1906) ያጣምራል። ስፋታቸው አንድ የሆነ ጥይቶች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ለምሳሌ .308 ዊንቸስተርና .30-06 እኩል ስፋት ያለው እርሳስ ቢተኩሱም፣ የቀለሃቸው ርዝመት 51 እና 63 ሚሊ ሜትር በመሆኑ የአንዱ ጥይት ለሌላው ጠመንጃ አያገለግልም።

ለኤልግ አደን የሚፈቀደውን ጥይት በሚመለከት በስዊድን ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረው ደንብ ሁለት አማራጮችን አስቀምጧል፦ እርሳሱ ቢያንስ 9 ግራም ከሆነ በ100 ሜትር ርቀት ላይ 2,700 ጁል ጉልበት ሊኖረው ይገባል፤ 10 ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን 2,000 ጁል ይበቃዋል። ይህ ሲሰላ፣ 9 ግራሙ እርሳስ በዚያ ርቀት በሰከንድ ወደ 775 ሜትር መብረር ሲኖርበት፣ ለ10 ግራሙ 632 ሜትር ያህል በቂ ነው ማለት ነው። ከባዱ እርሳስ ፍጥነቱ አነስተኛ ቢሆንም በሥጋና በአጥንት ውስጥ ጠልቆ የመዝለቅ ኃይሉ ስለሚጠበቅለት፣ ደንቡ ለፍጥነት ብቻ ሳይሆን ለክብደትም ዋጋ ሰጥቷል።

ከዚህ ደንብ ተጠቃሚ የሆነው 6.5×55 እ.ኤ.አ. በ1894 በስዊድንና በኖርዌይ ጦር የጸደቀ ሲሆን፣ ዛሬም በሁለቱ ሀገሮች አዳኞች ዘንድ የተወደደ ነው። እርሳሱ ቀጭንና ረጅም በመሆኑ ጠልቆ ይገባል፤ ርግጫው፣ ማለትም ተኩሱ ትከሻን ወደ ኋላ የሚገፋበት ኃይል፣ ለስላሳ በመሆኑም ጀማሪውን አያስደነግጠውም። የርግጫ ፍርሃት የያዘው ተኳሽ ቃታውን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻውንም ያሸሻል፤ በዚህም የተነሣ ሳንባና ልብ ላይ ማረፍ የነበረበት እርሳስ ሆድ ወይም እግር ላይ ያርፍና እንስሳው ቆስሎ ይሰቃያል። ይህን ጉዳት የትኛውም የጥይት ኃይል አይክሰውም።

.30-06 በ11.7 ግራም እርሳስ ከአፈሙዙ ሲወጣ ወደ 3,900 ጁል የሚጠጋ ጉልበት ስላለው ለኤልግ ከበቂ በላይ ነው፤ .308 ዊንቸስተርም በጥቂቱ ብቻ ያንሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1912 የወጣው .375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ማግነም ግን በብዙ የአፍሪካ ሀገሮች እንደ ጎሽና ዝሆን ላሉ አደገኛ አውሬዎች የሚፈለግ በመሆኑ፣ ከነከባድ ርግጫው ለጀማሪ አይመከርም።

የጠመንጃውን አሠራር በተመለከተ፣ በእጅ በሚንቀሳቀስ መቀርቀሪያ የሚዘጋው ዓይነት ቀላል፣ ጠንካራና ለጽዳት የሚመች በመሆኑ ለጀማሪ ተመራጭ ነው። ሰደፉ ልክ መሆኑን ለመለየት፣ ገዢው ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ አፈሙዙን ወደ ደኅና አቅጣጫ አዙሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ ያስደግፍ፤ ዓይኑን ሲገልጥ አንገቱን ሳያንቀሳቅስ በጠመንጃው ማነጣጠሪያ መነጽር ውስጥ ሙሉ ክብ ምስል ከታየው ሰደፉ ለአካሉ የተስማማ ነው።

ስለዚህ ለመጀመሪያ ጠመንጃ 6.5×55 ወይም .308 ዊንቸስተር የተሻለ ምርጫ ነው። ለበለጠ ኃይል የሚወጣው ገንዘብ ለልምምድ ጥይት ቢውል ይበጃል፤ እንስሳውን ያለ ስቃይ የሚጥለው በትክክለኛው ቦታ ያረፈ አንድ ጥይት ነውና።