ድስቱ ሲለያይ፣ ጾሙ ሲገናኝ

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ሰርግ የደገሰ ክርስቲያን ጎረቤት ለእኛ ለሙስሊሞቹ ምን እንደሚያደርግ የአገሩ ሰው ያውቀዋል። ከብቱ ከመታረዱ በፊት ከእኛ ወገን አንድ ሰው ይጠራል፤ ቢስሚላህ ብሎ የሚያርደው እሱ ነው። ወጡን የሚሠሩትም የእኛ እናቶች ናቸው። ድስቱ ለብቻ፣ ጭልፋው ለብቻ። እኛም ስንደግስ ለእነሱ እንዲሁ እናደርጋለን። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ይህን ሲያይ "ለየብቻ ነው የምትበሉት?" ብሎ ቅር ይለዋል። ለእኛ ግን ያ ድስት ለብቻው የተጣደው እንደምንመጣ አስቀድሞ ስለታሰበ ነው።

ድግስ እንዲህ ለየብቻ ያስቀምጠናል፤ ጾም ግን ያገናኘናል። በ2016 ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2 ገቡ። በ2017 ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን የካቲት 22 ጀመሩ። ዘንድሮ ደግሞ የካቲት 9 እና 11። በዚህ ሰሞን በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ጎረቤት የጠበሰችው የምስር ሳምቡሳ ለኢፍጣር ቢመጣ ሥጋ የለበትምና ማን አረደው የሚል የለም። የእኛም ተምር ወደ እነሱ ቤት ይሻገራል። በርበሬውማ ድሮም የጋራ ነው፤ የቡሬና የጃቢ ጠህናን በርበሬ የማይገባበት ድስት ከየት ይገኛል?

ሴቶቹ ሲገናኙ መተዛዘናቸው ደስ ይላል። "እናንተ'ኮ ውሃ እንኳ አትቀምሱም!" ትላለች አንዷ። "እናንተስ ብትሆኑ፣ ከሃምሳ ቀን በላይ ወተት የለ፣ ቅቤ የለ!" ትላለች ሌላዋ። ሁለቱም የራሳቸው ቀላል፣ የጎረቤታቸው ከባድ ይመስላቸዋል።

ይህን ስንል ያለፈው ሁሉ ማር ነበር ማለታችን አይደለም። ያን ድስት የሚጥድልን ጎረቤት መሬት አያካፍለንም ነበር። በደጋው አገር ርስት ከክርስቲያኑ የዘር ሐረግ አይወጣም ነበርና አያቶቻችን በአብዛኛው ሸማኔና ነጋዴ ሆኑ፤ አሞሌ ጨው ጭነው አባይን ተሻግረው ቡና ይዘው ተመለሱ። ማረስ የፈለገ የሰው መሬት በእኩል አረሰ። "የራሴ ማሳ" የሚለው ቃል ለእነሱ ህልም ነበር፤ ብዙዎቹም ህልሙን ይዘው አፈር ገቡ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ ሙስሊሞች እኩልነት ጠይቀው አደባባይ ሲወጡ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ነበሩ። ዒድ በአገር ደረጃ የሚከበር በዓል የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ደግሞ የገጠር መሬት አዋጅ ወጣና አራሽ ሁሉ ሃይማኖቱ ሳይጠየቅ የሚያርሰው መሬት የሚያገኝበት በር ተከፈተ።

የሰው ነገር ይገርማል። ለማጉረስ የሚፈታ እጅ መሬት ሲባል ይጨበጣል። ይህ ደግሞ የእነሱ ብቻ አይደለም። ከእኛም መሃል ሃያ ሰው ጠርቶ ማስፈጠር የማይከብደው፣ የእህቱን የውርስ ድርሻ መስጠት ግን የሚከብደው አለ። ቁርኣን ለሴት ልጅ ድርሻዋን ለይቶ አስቀምጦላታል፤ ወንድም ግን "አንቺማ ባል አለሽ" ይላታል። እሷም ፍቅር እንዳይበላሽ ብላ ዝም ትላለች። ዝምታዋ ፈቃድ ነው ብሎ መተርጎም ለወንድም ይመቸዋል። ረመዳን ከገባ ወዲህ ስለ ሰደቃ ብዙ ተነግሯል፤ የእሷን ነገር የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው። እናቶች ገና በሕይወት ሳሉ፣ ልጆቻቸው በኢፍጣር ማዕድ ዙሪያ ተሰብስበው ሳለ ቢያነሱት የሚሰማቸው ያገኛሉ ብለን እናምናለን።

ወደ ጾሙ እንመለስ። የሂጅራው ዓመት በ11 ቀን ያህል ስለሚያጥር ረመዳን ወደፊት ይሸሻል። በ2019 ዐቢይ ጾም የሚገባው የካቲት 29 ነው፤ ረመዳን ደግሞ በዚያው ሰሞን ይሰናበታል። ዘንድሮ የሳምቡሳ ሰሃን ይዘው ከቤት ቤት የሚሯሯጡት ልጆች፣ ረመዳንና ዐቢይ ጾም እንዲህ ወር ሙሉ አብረው የሚውሉበት ዘመን ዳግም ሲመጣ እነሱም የልጆች ወላጆች ይሆናሉ።