አዲስ ወይስ ያገለገለ? የመጀመሪያዋ መኪናዬ

ባለፈው ወር ከጅዳ አንዲት እህት ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ቮይስ ላከችልኝ። ማዳሟ እስክትተኛ ጠብቃ፣ ኩሽና ውስጥ ቆማ ነው የምታወራው። ድምጿ ዝቅ ያለ ነው፣ ከኋላ የፍሪጁ ጩኸት ይሰማል። «እህቴ፣ አራት ዓመት የለፋሁበት ብር አለኝ። ወንድሜ መኪና እንግዛ ይላል። አዲስ ኤሌክትሪክ አግኝቷል፤ እስከ ዓርብ ካልከፈልን ያመልጠናል ይላል። ጎረቤታችን ደግሞ ያገለገለች ቪትዝ ትሻላለች አለኝ። የቱን ልግዛ?»

የበጎ ፈቃድ ሥራ ስጀምር የምጠየቀው ስለ ፓስፖርት፣ ስላልተከፈለ ደሞዝና ስለ ሕመም ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ደሞዙ ከተከፈለ በኋላም ጭንቅ አለ። መኪና ደግሞ ብዙዎቻችን በአንድ ቀን ከምናወጣው ገንዘብ ትልቁ ነው። እኔ ሁለት ጊዜ ሞክሬዋለሁ። አንዱ ከሽፏል፣ አንዱ ተሳክቷል። ሁለቱንም ልንገራችሁ።

በ2011 ዓ.ም. ቤይሩት ነበርኩ፤ በወር 150 ዶላር። ሦስት ዓመት ያጠራቀምኩትን ከ4,000 ዶላር ትንሽ ከፍ የሚል ገንዘብ ለታላቅ ወንድሜ ላክሁለት። ዶላር ያኔ በባንክ 28 ብር አካባቢ ነበር። ሐሳባችን አዲስ መኪና በቅድመ ክፍያ ማስያዝ፣ ቀሪውን መኪናዋ ሠርታ እንድትከፍል ነበር። ያገለገለ ይሻላል ያለን ሰው ነበር፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። የሰው አሮጌ ቤት ሳጸዳ፣ የሰው አሮጌ ልብስ ስለብስ የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድ ጊዜ እንኳ ላስቲኩ ያልተቀደደ ነገር የራሴ እንዲሆን ፈለግሁ። ይሄ ስሜት ስንቶቻችሁ ጋር እንዳለ አውቃለሁ።

ወንድሜ ሌባ አይደለም። ቢሮ ሄዶ ውል ፈረመ፣ የመኪናዋን ፎቶ ላከልኝ። ፎቶዋን የስልኬ ስክሪን ላይ አደረግኋት። መኪናዋ በስድስት ወር ትመጣለች ተባለ፤ ከዚያ ወደቡ ተባለ፣ ከዚያ የውጭ ምንዛሪ ተባለ። በ2012 ሊባኖስ ውስጥ ባንኮቹ ዶላር መስጠት ሲያቆሙ ማዳሜ ደሞዜን በሊራ ልክፈልሽ አለችኝ፤ ቀጥሎ ጭራሽ መክፈል አቆመች። በዚያው ክረምት እህቶቻችን ሀዝሚዬ የሚገኘው ቆንስላ በር ላይ ከነሻንጣቸው ሲጣሉ ሁላችሁም አይታችኋል። እኔ በ2013 አገሬ ስገባ መኪና የለም። ሻጩ ገንዘቡን በየተወሰነ ጊዜ እየቆራረሰ መለሰ። የመጨረሻው ሲመለስ ዶላር 40 ብር አልፎ ነበር። ብሩ በቁጥር ያው ነው፤ የሚገዛው ግን ሌላ ነው። ውሉ በወንድሜ ስም ስለነበር እኔ ሄጄ «ገንዘቤስ?» ብዬ የምጠይቅበት ወረቀት እንኳ አልነበረኝም።

ይሄን የምነግራችሁ አዲስ መኪና መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። በቅድመ ክፍያ የሚሸጥ አዲስ መኪና ግን መኪናው እጅሽ እስኪገባ ድረስ ወረቀት ነው። ያገለገለችዋ ሌላው ቢቀር ቆማ ትታያለች።

ከ2014 እስከ 2017 ዱባይ ሠራሁ፤ በወር 1,200 ድርሃም። አሁን ገንዘቤን በራሴ ሒሳብ ነው ያስቀመጥኩት፤ ወንድሜም በዚህ አልተቀየመኝም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት 100 አለፈ። በአንድ ሌሊት ሀብታም የሆንኩ መሰለኝ፤ አገሬ ስገባ ግን የመኪናውም ዋጋ አብሮ ሄዷል። እዚህ ላይ ዋጋ የማልጽፈው ለዚህ ነው፤ ዛሬ የጻፍኩት በሚቀጥለው ወር ውሸት ይሆናል።

መጀመሪያ አዲስ ነው ያየሁት፣ ልማድ ሆኖብኝ። ከጥር 2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ «አዲስ» ሲባል ብዙውን ጊዜ ኤሌክትሪክ ማለት ነው። መንግሥት ቀረጡን ቀንሶለታል፤ ተገጣጥሞ ለሚገባ ኤሌክትሪክ መኪና የጉምሩክ ቀረጡ 15 በመቶ፣ በከፊል ተፈታቶ ለሚገባ 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተፈታቶ ለሚገባ ደግሞ ዜሮ ነው የተባለው። ውስጡ ስገባ፣ እውነቴን ነው፣ ልቤ ሄደ። ድምፅ የለው፣ ጭስ የለው፣ ቤንዚን ሰልፍ የለው።

ቤቴ ግን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ሻጩን «ማታ የት ነው ቻርጅ የማደርጋት?» ብለው ሳቀ፤ «ገመድ በመስኮት ታወርጃለሽ» አለኝ። በተራ ሶኬት ከተሰካ ሌሊቱን ሙሉ እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ መብራት ከሄደ ደግሞ ጠዋት ሥራ የለም። ሁለተኛ፣ ዋስትናውን ጠየቅሁ። ከቻይና ገበያ በነጋዴ እጅ የሚመጡ ብዙ መኪኖች የፋብሪካው ዋስትና እዚህ ድረስ አይከተላቸውም፤ ስክሪናቸውም በቻይንኛ ነው፣ የቻርጅ መሰኪያቸውም ዓይነቱ ይለያያል። «ባትሪው ቢበላሽ ማን ይቀይራል፣ የት፣ ይሄንንስ በወረቀት ትሰጡኛላችሁ?» ስል መልሱ «አይበላሽም» ሆነ። ባትሪ ከመኪናው ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚይዝ ዕቃ ነው፤ በ«አይበላሽም» አይገዛም። ሦስተኛው ነገር ገንዘቤ ነው። አዲሷ ያለኝን በሙሉ ትወስድና በላዩ ላይ ዕዳ ትጨምርልኝ ነበር።

አዲስ ኤሌክትሪክ የሚያዋጣው ሰው አለ። ሪያድ አብራኝ ማታ ማታ የምታወራ ጓደኛዬ ሐዋሳ የራሷ ግቢና የራሷ ቆጣሪ አላት፤ ገዝታ ከፍላ የተረፋት ገንዘብም አለ። ገዛች፣ ደስተኛ ናት፣ ለቤንዚን ይወጣ የነበረው ይቀርላታል። የእኔ ኑሮ ግን የእሷ አይደለም።

ወደ ያገለገለ ዞርኩ። ብዙዎቻችን ያገለገለ ይረክሳል ብለን እናስባለን፤ አገራችን ውስጥ ግን ያን ያህል አይረክስም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ (ቁጥር 1186/2012) ያገለገለ መኪና ሲገባ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አድርጎ ነበር፤ በኋላ የነዳጅ መኪና ጭራሽ መግባቱ ቆመ። ስለዚህ ያለው ነው የሚዞረው። ጥሩ ጎኑ፣ ስትሸጪያት ብዙ አትከስሪም። መጥፎ ጎኑ፣ አሮጌ መኪና ተቀባብቶ ይሸጥልሻል።

ደላላው ያሳየኝ ሦስት መኪኖች ሦስቱም «ሴት የያዘቻቸው» ነበሩ። የመጀመሪያዋ ሊብሬዋ ላይ ያለው የሞተር ቁጥርና ሞተሩ ላይ የተጻፈው አይገጥምም። ደላላው «ሞተር ተቀይሮ ነው፣ ችግር የለውም» አለኝ። ሊብሬው ላይ ካልተስተካከለ ችግር ነው፤ ትቼ ሄድኩ። ሁለተኛዋ ታምራለች፣ በር ስከፍት ግን የእርጥብ ምንጣፍ ሽታ መጣብኝ። የሰው ቤት ምንጣፍ ስንት ዓመት ያጠብኩ ሰው ነኝ፣ አፍንጫዬን አታታልሉኝም። የመቀመጫ ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስበው ጭቃ የነካው መስመር አለ። ውሃ ገብቶባታል። (ሚያዝያ 2016 ዱባይ ላይ የወረደውን ጎርፍ ያየን ሰዎች ስንት መኪና እንደዋኘ እናውቃለን። እዚያ ያላችሁ፣ ከዚያ ገዝቼ ልላክ የምትሉ፣ ቀበቶውን ሳቡት፣ ምንጣፉን ግለጡት።)

ሦስተኛዋ የአንዲት መምህርት ቪትዝ ነበረች፣ አውቶማቲክ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከመካኒክ ጋር ሄድኩ፤ ሻጯ ቀድማ እንዳታስነሳት አደራ ብዬ። ሞተር በብርዱ ሲነሳ ነው ጉዱ የሚታየው። መካኒኩ በደላላው የመጣ ሳይሆን እኔ ራሴ የከፈልኩት ነው። የዘይት ክዳኑን ከፍቶ አየ፤ ነጭ እንደ ክሬም ያለ ነገር ካለ ውሃና ዘይት ተቀላቅሏል ማለት ነው። ጭሱን አየ፤ ወደ ሰማያዊ ካደላ ዘይት እያቃጠለች ነው። ማግኔት ላሜራው ላይ አስጠጋ፤ የማይይዝበት ቦታ ስቱኮ አለ። አንዱ በር ላይ አልያዘም፤ መምህርቷም «አጥር ገጭቼ ነው» ብላ አልደበቀችም። ከዚያ ዳገት ላይ ነዳናት። ለመካኒኩ የከፈልኩት ከመኪናዋ ዋጋ ጋር ሲተያይ የሻይ ነው።

ወረቀቱ ከሞተሩ ይበልጣል። ሊብሬው ላይ ያለው ስም ከሻጯ መታወቂያ ጋር መግጠም አለበት። ሰሌዳዋ የተመዘገበበት መንገድ ትራንስፖርት ሄደሽ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኗን አጣሪ፤ ባንክ ይዟት ሊሆን ይችላል። ሻጩ ባለቤቱ ሳይሆን በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው እንዳልተሻረና «መሸጥ» የሚል እንዳለበት ጠይቂ፤ ወካዩ ከሞተ ደግሞ ውክልናው አብሮ ያበቃል። ገንዘቡ በባንክ፣ ውሉ ውልና ማስረጃ ፊት። ከዚያ በኋላ ሳትዘገዪ ስም አዙሪ። ለሥራ ካሰብሻት የሰሌዳውን ኮድ ሳታዪ አትግዢ፤ ኮድ 2 የግል ነው፣ ኮድ 3 የንግድ። ኢንሹራንስም አስቢ፤ በሕግ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን የሚሸፍነው በሌላው ላይ የደረሰውን ጉዳት ነው፣ የአንቺን መኪና አይጠግንም። ሙሉ ኢንሹራንስ ደግሞ በመኪናዋ ዋጋ ስለሚሰላ አዲስ መኪና በየዓመቱ ብዙ ያስከፍላል።

እዚያ ሆናችሁ ለምትገዙ ሌላ ነገር አለ። እንደኔ እንደኔ አገር እስክትገቡ ብትጠብቁ ይሻላል። የግድ ከሆነ ውሉም ሊብሬውም በእናንተ ስም ይሁን፣ የሚገዛላችሁ ሰው በውክልና ይግዛ። ውክልናው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ይሰጣል፤ አዲስ አበባ ደርሶ ደግሞ ውጭ ጉዳይ ይረጋገጣል። ምን ብለሽ እንደምትወክይ ቃል በቃል አንብቢ፤ ለመግዛት የሰጠሽው ውክልና ለመሸጥም ከፈቀደ አንድ ቀን መኪናሽ ተሽጣ ልታገኚያት ትችያለሽ። በፈለግሽ ጊዜ መሻርም መብትሽ ነው። ቆንስላ ለመሄድ ፓስፖርት ያስፈልጋል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የቤት ሠራተኞች ሕግ (ቁጥር 9/2022) ፓስፖርትሽ አንቺ ጋር እንዲሆን፣ በሳምንትም አንድ ቀን እንድታርፊ ይላል። ያገባችሁ ደግሞ ይህን እወቁ፦ በጋብቻ ውስጥ በደሞዛችሁ የተገዛ መኪና በባል ስም ቢሆንም የጋራ ነው የሚባለው። በወንድም ወይም በአጎት ስም የተመዘገበ መኪና ግን የእሱ ነው ተብሎ ነው የሚገመተው፤ ያንቺ መሆኑን የምታስረጂው አንቺ ነሽ።

ቪትዟን ገዛሁ፣ ከገንዘቤ ሦስተኛው እጅ ገደማ ተረፈኝ። በአራተኛው ወር ወገቤ ያዘኝ። ምንጣፍ ተሸክሞ ደረጃ መውጣት፣ አሮጊት ማንሳት፣ ሰባት ዓመት። ሐኪሙ ዲስክ ነው አለኝ፤ ምርመራው፣ መድኃኒቱ፣ ፊዚዮቴራፒው በዚያ በተረፈው ተከፈለ። ረጅም ሰዓት ተቀምጬ እንዳልነዳ ስለተከለከልኩ መኪናዋን አሁን የአክስቴ ልጅ ነው የሚሠራባት፤ በየሳምንቱ ገቢ ያደርግልኛል፣ እኔ እሑድ እሑድ እነዳለሁ። አዲሷን ገዝቼ ቢሆን ኖሮ ወይ መኪናዋን እሸጣለሁ ወይ ሕመሜን ችዬ እነዳለሁ። ከገልፍ የምንመለስ ሰዎች ወገብ፣ ኩላሊት፣ የደም ማነስ ይዘን ነው የምንመጣው፤ ብዙ ጊዜ የሚታወቀን ካረፍን በኋላ ነው። ስለዚህ አዲስ ትሁን ያገለገለች፣ ከገዛሽ በኋላ የስድስት ወር የቤት ወጪና የሕክምና ገንዘብ ካልቀረሽ፣ በእኔ አስተያየት፣ ያቺ መኪና ላንቺ ውድ ናት።

ለጅዳዋ እህቴ ይሄን ሁሉ በአንድ ቮይስ አላልኩም። ሁለት ነገር ብቻ ወንድምሽን ጠይቂው አልኳት፦ መኪናዋ አሁን የት ቆማለች፣ ወረቀቱስ በማን ስም ነው? ዓርብ አለፈ። ወንድሟ መኪናዋ ገና ጂቡቲ አልደረሰችም አላት። ያገለገለችዋን ቪትዝ ደግሞ ጎረቤታቸው ሊብሬዋን ፎቶ አንስቶ ልኮላታል፤ ትናንት ማታ አብረን ቁጥሩን ስናነብ ነበር። ሻንሲው ቁጥር ላይ ሁለት አሃዝ በጥላ ተሸፍኗል። እንደገና አንስቶ እንዲልክ ነግራዋለች።