ሚክሰር በኪሎ ሲሰላ፦ ቤት ስናድስ የመታጠቢያና የኩሽና ዕቃ እንዴት እንምረጥ?



ዛሬ ከቡናና ከሰሊጥ ትንሽ ወጣ እንላለን። ብዙም አንርቅም፤ ጉዳዩ ያው መዳብ፣ ዚንክ፣ ኒኬልና ዶላር ነው።

የምርት ገንዘብ እጅ ሲገባ ቤቱን የሚያድስ ነጋዴ ብዙ ነው። የእንግዳ ማረፊያውን ወይም የቢሮውን መጸዳጃ ቤት የሚያድስ ዩኒየንም አለ። ታዲያ የሳኒተሪ ሱቅ ሲገባ አንድ ነገር ግራ ያጋባል። ሁለት ሚክሰር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ያብረቀርቃሉ፤ የአንዱ ዋጋ ግን የሌላው ሦስት እጥፍ ነው። ለምን ሲባል ሻጩ "ይሄ ኦርጅናል ነው" ይላል። በቃ፣ ማብራሪያው ይኼው ነው።

ቡና ስንገዛ እንዲህ አናደርግም። ናሙና እናያለን፣ እርጥበት እንለካለን፣ እናስቀምሳለን። ለቤታችን ሲሆን ግን በዓይን ብቻ እንገዛለን። እስኪ የሳኒተሪ ዕቃንም እንደ ምርት እናንብበው።

1. ሚክሰሩ ውስጥ ያለው ማዕድን ስንት ያወጣል?

ደህና ሚክሰር የሚሠራው ከናስ ነው፤ ሱቅ ውስጥ "ብራስ" የሚሉት ማለት ነው። ናስ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ነው። ለቧንቧ ዕቃ የሚውለው ናስ ከግማሽ በላይ፣ በግምት ወደ 60 በመቶ የሚጠጋው መዳብ ሲሆን ቀሪው በአብዛኛው ዚንክ ነው። ርካሹ ሚክሰር ደግሞ "ዛማክ" ከሚባል ቅይጥ ይሠራል፤ እሱ 96 በመቶ ገደማ ዚንክ፣ 4 በመቶ ገደማ አልሙኒየም ነው። መዳብ የለበትም ማለት ይቻላል።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። ለስሌት እንዲመች መዳብ በቶን 10 ሺህ ዶላር፣ ዚንክ በቶን 3 ሺህ ዶላር፣ 1 ዶላር ደግሞ 150 ብር ነው እንበል። እናንተ የዕለቱን ዋጋና ምንዛሪ ተክታችሁ አስሉት።

አካሉ 1 ኪሎ የሚመዝን የናስ ሚክሰር፦ 600 ግራም መዳብ 6 ዶላር፣ 400 ግራም ዚንክ 1.20 ዶላር። ድምሩ 7.20 ዶላር፤ በብር 1,080።

ያንኑ መጠንና ቅርጽ ያለው የዛማክ ሚክሰር፦ ዛማክ ከናስ ስለሚቀል 800 ግራም ገደማ ይመዝናል። ዋጋው 2.40 ዶላር ገደማ፤ በብር 360።

ብዙ ፋብሪካ የሚያቀልጠው ቁርጥራጭ ናስ ስለሆነ የማዕድኑ ወጪ ከዚህ ጥቂት ሊወርድ ይችላል። ግን ማቅለጫ፣ ማለስለሻ፣ ክሮም መቀባት፣ የባሕር ጭነት፣ ቀረጥ፣ ትራንስፖርት፣ የአስመጪና የችርቻሮ ትርፍ ገና አልተደመረም። እንግዲህ በዚህ ስሌት 1 ኪሎ ሚክሰር በ900 ብር አቅርቦ "ፉል ብራስ ነው" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ የታጠበ ይርጋጨፌ በጅማ ጥሬ ዋጋ እንደቀረበላችሁ ቁጠሩት። ወይ ስጦታ ነው፣ ወይ ሌላ ነገር ነው።

ማዕድኑ ምን ያህል እንደሚዋዥቅም እናስታውስ። በለንደን የብረታ ብረት ገበያ መዳብ በማርች 2020 ከ5 ሺህ ዶላር በታች ነበር፤ በሜይ 2024 ለአጭር ጊዜ ከ11 ሺህ ዶላር በላይ ወጣ። ማዕድን ሲወደድ ፋብሪካው ዋጋ መጨመር ካልፈለገ የአካሉን ግድግዳ ያሳሳል። ስለዚህ የድሮው ሞዴል ስሙ ሳይቀየር ክብደቱ ሊቀንስ ይችላል። ስም አይተው የሚገዙ ሰዎች የሚሸወዱት እዚህ ላይ ነው።

2. ናሙና አወጣጥ፦ ሱቅ ውስጥ ምን ይታያል?

ክብደት፦ ሁለት ተመሳሳይ መጠን ያላቸውን ዕቃዎች በሁለት እጅ ያዙ። ከተቻለ ሚዛን ላይ አስቀምጡ። ሻጩ ቢስቅም ይሳቅ። አንዳንድ ዕቃ ግን እንዲከብድ ተብሎ እጀታውና መቀመጫው ላይ ብረት ይጨመርበታል፤ ስለዚህ ክብደት ብቻውን አይበቃም።

ውስጡ፦ ገልብጣችሁ ቧንቧ የሚታሰርበትን ጥርስ በስልካችሁ መብራት እዩ። ክሮም ያልደረሰበት ቦታ ቢጫ ከሆነ ናስ ነው። ግራጫ ወይም ነጣ ያለ ከሆነ ዛማክ ሊሆን ይችላል። ጥርሱ ብቻ የናስ ቀለበት ሆኖ ቀሪው ዛማክ የሆነም አለና ወደ ውስጥ ጠለቅ ብላችሁ እዩ።

ማግኔት፦ ናስንም ዚንክንም ማግኔት አይስባቸውም። ማግኔት የሚጠቅመው ብረት የተቀላቀለበትን ዕቃ ለመለየት ብቻ ነው። "ማግኔት አልሳበውም፣ ስለዚህ ናስ ነው" የሚለው አባባል ትክክል አይደለም።

ካርትሪጅ፦ የሚክሰሩ ልብ ይሄ ነው። በእጀታው ሥር ያለ፣ ሁለት የሴራሚክ ዲስኮች እየተንሸራተቱ ውሃ የሚከፍቱበትና የሚዘጉበት ክፍል ነው። በብዛት የሚገኘው የ35 እና የ40 ሚሊ ሜትር ነው። ከመግዛታችሁ በፊት "የዚህ ካርትሪጅ ለብቻው ይገኛል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። የሚገኝ ከሆነ ከዓመታት በኋላ ሲያንጠባጥብ በጥቂት ብር ይስተካከላል። የማይገኝ ከሆነ ሙሉ ሚክሰሩን ትጥላላችሁ።

ውሃ ተቋርጦ ሲመለስ አሸዋና ዝገት ይዞ ይመጣል፤ ዲስኩን የሚፍቀውም እሱ ነው። ስለዚህ ከሮቶ የሚወርደው ዋና መስመር ላይ ማጣሪያ ይገጠም። ወጪው ከአንድ ሚክሰር ያነሰ ሆኖ የቤቱን ሚክሰር ሁሉ ይጠብቃል።

ቀለም፦ የክሮም ሽፋን ከሥሩ ካለው ኒኬል በላይ ያለ፣ ከሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ እንኳ የማይሞላ ስስ ነገር ነው። ወርቅማና ጥቁር ዕቃ የሚያምር ቢሆንም፣ በርጭት ብቻ የተቀባው ጊዜ ሲያገኝ ይላጣል። የአቀባቡን ዓይነት ሻጩ መናገር ካልቻለ ክሮሙን መምረጥ ይሻላል።

3. መጀመሪያ ገንዘብ የሚገባው ለሚቀበረው ነው

አንድ የጥራጥሬ ነጋዴ ወዳጃችን ቤቱን ሲያድስ ለሴራሚክ፣ ለመስታወትና ለወርቅማ ሻወር ጥሩ ገንዘብ አወጣ። በጀቱ ሲጠብበት ግድግዳ ውስጥ የሚቀበረውን የሻወር ቫልቭ ርካሹን ገዛ፤ "ማን ያየዋል?" ብሎ። ዓመት ሳይሞላ ከጀርባው ያለው ክፍል ግድግዳ እርጥበት አወጣ፣ ቀለሙ ተነሳ። ቫልቩን ለመቀየር ሴራሚኩ ተሰበረ። ያው ሴራሚክ ተፈልጎ አልተገኘም፤ ተመሳሳዩ ቢገኝም ቀለሙ ትንሽ ይለያል። በመጨረሻ የግድግዳው ሴራሚክ በሙሉ ተነሳ። ቫልቩ ላይ ያተረፈው ገንዘብ የሠራተኛውን የሁለት ቀን ክፍያ እንኳ አልሸፈነም።

ስለዚህ በጀት ሲጠብ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦

አንደኛ፣ ግድግዳና ወለል ውስጥ የሚቀበር ሁሉ፤ ቧንቧ፣ መገጣጠሚያ፣ የተቀበረ ቫልቭ። ከእነዚህ ላይ አትቀንሱ።

ሁለተኛ፣ ለደኅንነት የሚያስፈልግ። የቦይለሩ ሴፍቲ ቫልቭና የመሬት ሽቦ ተራ ዕቃ አይደሉም፤ ያለ እነሱ ቦይለር አይሰካም።

ሦስተኛ፣ በየቀኑ የሚነካ፤ ሚክሰር፣ የሽንት ቤት መቀመጫው የውስጥ ዕቃ፣ የካቢኔት ማጠፊያ።

መጨረሻ፣ ለዓይን የሚሆነው፤ ፎጣ መስቀያ፣ መስታወት፣ እጀታ። ይሄ በሚቀጥለው ዓመትም በአንድ ብሎን ይቀየራል።

ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት ቧንቧው በውሃ ግፊት ይፈተሽ፣ ለጥቂት ሰዓት ተሞልቶ ይቆይ። መስመሩንም በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ በኋላ መስታወት ለመስቀል ስትበሱ ትፈልጉታላችሁ። ሴራሚክም 1 ወይም 2 ካርቶን ትርፍ ገዝታችሁ አስቀምጡ።

4. ውሃችሁ ያንን ሻወር ይችለዋል?

ሱቅ ውስጥ ያለው ሰፊው የጣሪያ ሻወር ዝናብ ይመስላል። ቤት ሲገጠም ግን ጠብ ጠብ ይላል። ምክንያቱ ግፊት ነው።

ሮቶው ከሻወሩ በላይ በስንት ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ለኩ። እያንዳንዱ 1 ሜትር 0.1 ባር ግፊት ይሰጣል። 3 ሜትር ከሆነ 0.3 ባር ብቻ ነው። ብዙዎቹ ባለ አንድ እጀታ ሚክሰሮች የሚመከርላቸው ግፊት ግን ከ1 ባር ጀምሮ ነው። ስለዚህ ያለ ፓምፕ ሰፊ ሻወር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ወይ ፓምፕ አስቡ፣ ወይ ትንሽና ቀለል ያለ የእጅ ሻወር ምረጡ። ይሄን ከመወሰናችሁ በፊት ሴራሚክ አታስለጥፉ።

የጉድጓድ ውሃ በምትጠቀሙበት አካባቢ ውሃው ኖራ ካለው የሻወሩ ቀዳዳዎች ይደፈናሉ። ቀዳዳው ለስላሳ ጎማ የሆነ ሻወር በጣት ሲታሽ ይጸዳል።

5. የሽንት ቤት መቀመጫ፦ መጀመሪያ ሜትር

ሁለት ዓይነት መውጫ አለ። አንዱ ወደ ወለል፣ ሌላው ወደ ግድግዳ ይወጣል። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ሳታዩ እንዳትገዙ። ወደ ወለል ከሆነ ከግድግዳው እስከ ቀዳዳው መሐል ያለውን ርቀት ለኩ፤ ግድግዳው ላይ የሚለጠፈውን የሴራሚክና የስሚንቶ ውፍረት ግን ቀንሱ። በዚህ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ምክንያት ተመላሽ የሚሆን ዕቃ ብዙ ነው፤ ሱቁም ሁልጊዜ አይመልስም።

ክዳኑን ከፍታችሁ የታንከሩን የውስጥ ዕቃ እዩ። ሸክላው ብዙ ዓመት ይኖራል፤ የሚበላሸው ውስጡ ያለው ፕላስቲክ ነው። መለዋወጫው በቅርብ ገበያ የሚገኝ ይሁን።

6. ኩሽና፦ 304 እና 201

የኩሽና ሲንክ ላይ የዋጋውን ልዩነት የሚያመጣው ኒኬል ነው። 304 የሚባለው አይዝጌ ብረት 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና 8 በመቶ ገደማ ኒኬል አለው። 201 የሚባለው ደግሞ ኒኬሉ ተቀንሶ ማንጋኒዝ የተጨመረበት ነው። ርካሽ ነው፤ ግን ጨውና እርጥበት ባለበት ቶሎ ነጠብጣብ ያወጣል። ኒኬል በማርች 2022 ለንደን ላይ በቶን ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ወጥቶ ግብይቱ እንዲቆም የተደረገበትን ቀን የዚህ ቻናል ሰው ያስታውሳል። እንደ ኒኬል ያለ ተዋዥቂ ማዕድን ሲወደድ ፋብሪካ ወደ 201 መሸሹ አይቀርም።

እዚህም ማግኔት አያድንም፤ 304ም 201ም ማግኔት እምብዛም አይስባቸውም። የታተመ ቁጥርም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ብዛት የሚገዛ ዩኒየን ወይም ሆቴል ማንጋኒዝን በቀለም የሚለይ የመፈተሻ ጠብታ ይጠቀም፣ ደረሰኙም ላይ "304" ተብሎ ይጻፍለት። አንድ ለቤቱ የሚገዛ ሰው ደግሞ ውፍረቱን ይይ፤ መሐሉን በአውራ ጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ ሲንክ ትልቅ ድስት አይችልም።

ድስት ካልን፣ የቤታችሁን ትልቁን ድስት ለክታችሁ ሂዱ። ሁለት ትንንሽ ገንዳ ካለው ሲንክ ይልቅ አንድ ሰፊና ጥልቅ ገንዳ ለእኛ ማድ ቤት ይሻላል። በረኪና ደግሞ የትኛውንም አይዝጌ ብረት ይበላል፤ ሲንክ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ አታሳድሩ።

አንድ የጤና ነገር፦ ናስ እንዲላላና በቀላሉ እንዲቆረጥ ጥቂት እርሳስ ይጨመርበታል። ለመጠጥና ለምግብ በሚሆነው የኩሽና ሚክሰር ላይ እርሳሱ የተቀነሰበት ከተገኘ እሱን ምረጡ። ካልተገኘም ጠዋት ያደረውን ውሃ ትንሽ አፍስሳችሁ ቅዱ።

7. መቼ እንግዛ?

በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ ያየነውን አስታውሱ። ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። መደርደሪያ ላይ የነበረው ዕቃ የገባው በድሮው ዶላር ቢሆንም፣ ነጋዴው የሚያስበው መልሶ የሚያስገባበትን ዋጋ ነው። እኛም ቡና ይዘን የምናስበው እንደዚያው ነው፤ አንወቅሰውም። ዋጋ ሲወጣ በሊፍት፣ ሲወርድ በደረጃ ነው።

ስለዚህ ግድግዳ ከመስበራችሁ በፊት ዝርዝሩን አውጡ፤ የሚቀበረውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ገዝታችሁ ቤት አስገቡ። ሥራው መሐል ላይ ቆሞ ዋጋ የሚጠብቅ ሰው የመደራደር አቅም የለውም። ለዓይን የሚሆነው ቀስ ብሎ ይደርሳል። ቀብድ ስትከፍሉም ወረቀቱ ላይ "ሚክሰር 6" ብቻ አይጻፍ፤ ሞዴሉ፣ ማዕድኑ፣ የካርትሪጁ መጠንና ክብደቱ ይጻፍ። የቡና ውል ያለ ደረጃ አትፈርሙም አይደል?

ሱቅ ስትሄዱ ሜትር፣ የእጅ ሚዛን፣ የስልክ መብራትና የቧንቧ ሠራተኛችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሠራተኛው ከሱቁ ኮሚሽን እንዳለው ከጠረጠራችሁ ደግሞ ሚዛኑ ይበቃችኋል፤ ሚዛን ኮሚሽን አይበላም።

ነገ ወደ ቡናችን እንመለሳለን። መልካም እድሳት!