ኳሱን የሚያሳየን ማነው?

ሙያዬ ዲሽ መትከልና ማስተካከል ነው። ስልኬ በብዛት የሚጮኸው ቅዳሜና እሑድ፣ ጨዋታ ሊጀምር ሲል ነው። «ቻናሉ ተዘጋብን፤ እባክህ ድረስልን» ይሉኛል። ሳህኑን ነፋስ አዙሮት ወይም ኤልኤንቢው (የሳህኑ ምልክት መቀበያ) ውስጥ ውኃ ገብቶ ከሆነ ጣሪያ ላይ ወጥቼ መላ እፈልግለታለሁ። አንዳንዴ ግን ሳህኑ ደህና፣ ገመዱ ደህና፣ ሲግናሉም ሙሉ ሆኖ ምስል ይጠፋል። እንዲህ ሲሆን የተበላሸ ዕቃ የለም። የሆነ ቦታ የተቀመጠ ሰው ምስሉ ለማን እንደሚታይና ለማን እንደማይታይ ወስኗል። የስፖርት ቴሌቪዥንን ፖለቲካ እኔ የማየው ከዚህ በኩል ነው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝም ያ ውሳኔ ከተመልካቹ እየራቀ መሄዱ ነው።

የአቅራቢው አፍ

«ስፖርትና ፖለቲካ አይቀላቀሉ» የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚነሳው አንድ አቅራቢ ሲናገር ነው። የቀድሞው የእንግሊዝ አጥቂ ጋሪ ሊኒከር ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2023 የእንግሊዝ መንግሥት ጥገኝነት ጠያቂዎችን በተመለከተ የሚጠቀምበትን ቋንቋ በ1930ዎቹ ጀርመን ይነገር ከነበረው ጋር አመሳስሎ ትዊተር ላይ ጻፈ። ቢቢሲ ከሚያቀርበው የእግር ኳስ ዝግጅት ከ«ማች ኦፍ ዘ ዴይ» ገለል እንዲል አደረገው። ባልደረቦቹ ኢያን ራይትና አለን ሺረር «እሱ ከሌለ እኛም የለንም» በሚል አቋም ቀሩ፤ የጨዋታ ተንታኞቹም ተከተሏቸው። በዚያ ቅዳሜ ዝግጅቱ ያለ አቅራቢና ያለ ተንታኝ ለ20 ደቂቃ ያህል ብቻ ተላለፈ። ከቀናት በኋላ ቢቢሲ ይቅርታ ጠይቆ ሊኒከር ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሕዝብ በሚከፍለው ገንዘብ የሚተዳደር ጣቢያ አቅራቢ ምን ያህል መናገር አለበት የሚለው ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ግርግር መካከል የእንግሊዝ ተመልካች የጨዋታዎቹን ምስል አልተከለከለም። ለእኔ የከበደው ፖለቲካ ምስሉን ራሱን የሚወስደው ነው።

የተወሰደው ምስል

አንድ ጨዋታ ከስታዲየም እኛ ቤት እስኪደርስ ሦስት በሮች ያልፋል። የመጀመሪያው የማስተላለፍ መብት ነው፤ ሊጉ ለእያንዳንዱ አገር ወይም ክልል ለይቶ ይሸጠዋል። ሁለተኛው ሳተላይቱ ነው፤ መብቱን የገዛው ጣቢያ ምስሉን ቆልፎ ወደ ላይ ይልከዋል። ሦስተኛው ቁልፉን የሚፈታው ሪሲቨር ነው። በየበሩ መንግሥትም ገንዘብም ሊቆም ይችላል። ሦስቱም በሮች በአንድ ጊዜ የተናጉበትን ታሪክ የማውቀው በመካከለኛው ምሥራቅ ነው።

የኳታሩ ቢኢን ስፖርትስ በዓረቡ ዓለም የትልልቅ ሊጎችንና የዓለም ዋንጫን መብት ይዞ ነበር። እ.ኤ.አ. በጁን 5 ቀን 2017 ሳዑዲ ዓረቢያ፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ ባሕሬንና ግብፅ ከኳታር ጋር የነበራቸውን ግንኙነት አቋረጡ። ቢኢንም ሳዑዲ ውስጥ ታገደ። በዚያ የሚኖር ሰው ሁሉ፣ ሪያድና ጅዳ ያሉ ወገኖቻችንም ጭምር፣ እነዚያን ጨዋታዎች የሚያይበት ሕጋዊ መንገድ ተዘጋበት።

ብዙ ሳይቆይ ቢአውትኪው የሚባል ጣቢያ ብቅ አለ። አሠራሩ ለእንደኔ ዓይነቱ ባለሙያ የሚያስደንቅ ነበር። የቢኢንን ምስል በሰከንዶች ልዩነት ይቀበላል፣ በቢኢን ዓርማ ላይ የራሱን ዓርማ ይለጥፋል፣ ከዚያም በዐሥር ቻናል መልሶ ያሰራጫል። የራሱ ሪሲቨር ተሠርቶለት በየሱቁ ይሸጥ ነበር። ይህ ጓዳ ውስጥ በአንድ ኮምፒውተር የሚሠራ ሌብነት አይደለም፤ የሳተላይት ኪራይ፣ የማሠራጫ ጣቢያና የዕቃ አቅርቦት ይጠይቃል። ጣቢያው የኮሎምቢያና የኩባ ነኝ ይል ነበር። ሳዑዲ ዓረቢያ እጄ የለበትም አለች፤ መቀመጫውን ሪያድ ያደረገው የሳተላይት ድርጅት ዓረብሳትም እንዲሁ ካደ።

የ2018 የዓለም ዋንጫ የተከፈተው ሩሲያ ሳዑዲን 5 ለ 0 ባሸነፈችበት ጨዋታ ነው። የሳዑዲው ልዑል መሐመድ ቢን ሳልማን ከፑቲንና ከፊፋው ፕሬዚዳንት ኢንፋንቲኖ ጋር ሆኖ ያየውን ያንን ጨዋታ ቢአውትኪው ያለ ፈቃድ አስተላለፈው። በማግስቱ ዓመት ፊፋ፣ ዩኤፋ፣ ፕሪሚየር ሊግና ሌሎች በጋራ ያወጡት የቴክኒክ ሪፖርት ሥርጭቱ በዓረብሳት ላይ መጓዙን አረጋገጠ። በጁን 2020 ደግሞ የዓለም ንግድ ድርጅት የዳኞች ጉባኤ ሳዑዲ ዓረቢያ በቢአውትኪው ላይ የወንጀል ክስ ባለመመሥረቷና ቅጣት ባለመጣሏ ግዴታዋን እንዳልተወጣች ወሰነ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ በሉ። የሳዑዲ የመንግሥት ኢንቨስትመንት ፈንድ ኒውካስል ዩናይትድን ሊገዛ ፈልጎ ነገሩ ለወራት ተንጠልጥሎ ነበር፤ አንዱ እንቅፋት ይኸው የምስል ሌብነት ነው። በኦክቶበር 2021 ሳዑዲ በቢኢን ላይ የጣለችውን እገዳ ልታነሳ መሆኑ በተሰማ ማግስት የክለቡ ሽያጭ ተጠናቀቀ። በ2025 ደግሞ የዚያው ፈንድ የስፖርት ኩባንያ የኢንተርኔቱ የስፖርት ጣቢያ ዳዞን ላይ የባለቤትነት ድርሻ ገዛ፤ ዋጋውም 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ መሆኑ ተዘግቧል። በስምንት ዓመት ውስጥ ምስሉን ከመከልከል ምስሉን ወደ መግዛት ተደረሰ። ተመልካቹ በየትኛውም ምዕራፍ አልተጠየቀም።

በእኛ ጣሪያ ላይ

ወደ አገራችን ስመጣ፣ ደንበኞቼ ለብዙ ጊዜ ሲጠይቁኝ የነበረው ቢኢንን ሳይሆን ቫርዚሽን ነው። ቫርዚሽ የታጂኪስታን መንግሥት የስፖርት ጣቢያ ነው። መብቱ ለታጂኪስታን ብቻ ቢሆንም በያህሳት ሳተላይት በኩል ሲያልፍ ምልክቱ እኛም ጋ ይደርስ ነበር። አስተያየት ሰጪው በማናውቀው ቋንቋ እየተናገረ የሰፈሩ ሰው በአማርኛ ይተነትንለታል። ቁልፉ ሲቀየር ግን አገር ምድሩ ይጨልማል። አንድ አዛውንት ደንበኛዬ እንዲህ ባለ ቀን «ልጄ፣ ከታጂኪስታን ጋር ተጣልተናል እንዴ?» አሉኝ። «አልተጣላንም አባባ፤ መጀመሪያውንም አልጋበዙንም» አልኳቸው።

መልሴ ሳቅ ቢፈጥርም ቁምነገሩ ያንገበግበኛል። ዲኤስቲቪ ከፍሎ ማየት የማይችለው ሰው ብዙ ስለሆነ ነው ኳሱን በሌላ አገር መስኮት የምንቃኘው። በሌላ በኩል የዲኤስቲቪው ሱፐርስፖርት ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያን ፕሪሚየር ሊግ ማስተላለፉ ለሊጋችን ገንዘብና ደረጃውን የጠበቀ ምስል አምጥቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ያም ሆኖ የሱፐርስፖርት ባለቤት የሆነውን መልቲቾይስን እ.ኤ.አ. በ2025 የፈረንሳዩ ካናል ፕላስ ገዝቶታል። የኢትዮጵያ ቡናንና የቅዱስ ጊዮርጊስን ጨዋታ ሲያሳየን የነበረው ድርጅት ባለቤት ሲቀየር ሰፈራችን ውስጥ የሰማው ሰው ጥቂት ነው።

ቀጥታ ሥርጭት ያለው ጉልበት

ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ፈይሳ ሌሊሳ በሪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ እጆቹን ከጭንቅላቱ በላይ አጣምሮ በኦሮሚያ ይደረግ የነበረውን ተቃውሞ ለዓለም አሳየ። የመንግሥቱ ጣቢያ ኢቢሲ ውድድሩን በቀጥታ ሲያስተላልፍ ስለነበር መስመሩን ሲያልፍ ታየ። በኋላ በዜና ሰዓት ግን ያቺ ምስል አልተደገመችም።

የኦሊምፒክን ምስል የሚያዘጋጀው አንድ ዓለም አቀፍ ተቋም ነው፤ አገሮች የሚቀበሉት ያንኑ ነው። በቀጥታ የሚመጣን ነገር አስቀድሞ መምረጥ ይከብዳል፤ መምረጥ የሚቀለው በድጋሚው ነው። ስለዚህ ቀጥታ ሥርጭት ከደስታውም በላይ ዋስትና ነው፤ ማንም ሳይቆርጠው ሁሉም ሰው አንዱን እውነት በአንድ ቅጽበት ያያል።

ነገ የሚመጣው

ይህን ዋስትና የሚፈታተነው ወደ ኢንተርኔት የሚደረገው ጉዞ ነው። አማዞን እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የአሜሪካን ፉትቦል የሐሙስ ምሽት ጨዋታዎች ይዟል። አፕል በ2022 የአሜሪካን የእግር ኳስ ሊግ የማስተላለፍ መብት ለ10 ዓመት በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ተዋውሎ ነበር። ኔትፍሊክስ የ2027ን የሴቶች የዓለም ዋንጫ ለአሜሪካ ተመልካች ሊያሳይ ተዋውሏል።

በሙያዬ የማውቀውን ልዩነት ልንገራችሁ። ሳተላይት ምስሉን አንዴ ወደ ምድር ይለቀዋል፤ አንድ ሰው ቢያየውም አንድ ሚሊዮን ሰው ቢያየው ወጪው አይጨምርም፣ ማን እያየ እንደሆነም ላኪው አያውቅም። በኢንተርኔት ግን ለእያንዳንዱ ተመልካች የየራሱ መስመር ይዘረጋል። ኩባንያው ስምህን፣ አገርህንና የምታይበትን ሰዓት ያውቃል፤ አንድን አገር ለይቶ ማጥፋት ከፈለገ ሳህን ማዞር አያስፈልገውም። ምስሉ ብዙ ጊዜ በሰከንዶች ዘግይቶ ስለሚደርስም፣ የማይፈለግ ነገር ሲመጣ ለመቁረጥ የሚፈልግ ጊዜ ያገኛል። ወጪውም አለ፤ አንድ ሙሉ ጨዋታ በጥሩ ጥራት በርካታ ጊጋባይት ይበላል። በሞባይል ፓኬጅ ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ቀላል አይደለም።

ሕግ አስቀድሞ መምጣት አለበት

መፍትሔው አዲስ ግኝት አይደለም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1996 ሕጓ የዓለም ዋንጫንና ኦሊምፒክን የመሳሰሉ ውድድሮች በነጻ ለሚታዩ ጣቢያዎች እንዲቀርቡ ደንግጋለች። ፊፋና ዩኤፋ ይህን ዓይነቱን የውድድሮች ዝርዝር በአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ተከራክረውበት እ.ኤ.አ. በ2013 ተረቱ። «ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው» የሚል ካለ ህንድን ይመልከት፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣችው ሕግ አገራዊ ፋይዳ ያላቸውን ጨዋታዎች መብት የገዛ ጣቢያ ምልክቱን ለመንግሥቱ ማሰራጫ እንዲያጋራ ያስገድዳል።

ለእኛም እንዲህ ያለ ዝርዝር ያስፈልገናል። የብሔራዊ ቡድኑ የማጣሪያና የዋንጫ ጨዋታዎች፣ የኦሊምፒክና የዓለም ሻምፒዮና የሩጫ ፍጻሜዎች ይግቡበት። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰን ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ስንለያይ፣ የአዳነ ግርማን ጎል ማየት የከፋይ ደንበኛ ብቻ ዕድል ሊሆን ይገባ ነበር ብሎ የሚከራከር ኢትዮጵያዊ አላገኘሁም። ቀሪው ጨዋታ ይሸጥ፤ ክለቦችም ከገበያው ያግኙ። ዝርዝሩ ግን የኢንተርኔት ኩባንያዎች ውል ይዘው ከመምጣታቸው በፊት መጽደቅ አለበት፤ ከተፈረመ በኋላ የሚወጣ ሕግ ካሳ ሊጠየቅበት ይችላል። እኔ ሳህን አስተካክላለሁ፤ ይህን ማስተካከል ግን የምክር ቤቱ፣ የፌዴሬሽኖቹና የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣኑ ሥራ ነው፤ ተመልካቹም ከአሁኑ ይጠይቃቸው።