ልቡ የታከመ ሰው ለምን ይተኛል?

ምእመናንን እየጎበኘን ስንሠራ ደጋግመን የምናየው ነገር አለ። የልብ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ወደ ቤቱ ለተመለሰ ወጣት ጥሩ አልጋ ይነጠፍለታል፤ ጠያቂው ይበዛል፤ ውኃ ለመጠጣት እንኳ ብድግ ሲል «አይዞህ፣ አንተ ተኛ፣ እኛ እናመጣልሃለን» ይባላል። ይህ ከፍቅር የሚመጣ ነው። ነገር ግን ሰውየውን የሚያደክም ፍቅር ነውና በግልጽ ልንነጋገርበት ይገባል።

በአገራችን የልብ ቀዶ ጥገና ከሚያስፈልጋቸው ብዙዎቹ ገና ወጣቶች ናቸው። ምክንያቱም በልጅነት የያዘ የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ ሳይታከም ሲቀር የሚከተለው የሩማቲክ የልብ ሕመም የልብን በሮች (ቫልቮች) ስለሚያበላሽ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል ሥራ ከመጀመሩ በፊት ብዙ ሕፃናት ለዚሁ ሕክምና ወደ ውጭ አገር ይላኩ ነበር። እንግዲህ የሃያ ዓመት ልጅ ታክሞ ሲመለስ ከፊቱ ረጅም የሥራ ዘመን አለው። ይህን ዘመን የሰው እጅ እያየ እንዲያሳልፈው አንፈልግም።

ቀድሞ ሐኪሞችም የልብ ሕመምተኛን ለሳምንታት ያስተኙ ነበር። መተኛት ምን ያህል እንደሚጎዳ በግልጽ ካሳዩት መካከል በ1966 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በዳላስ ከተማ የተደረገው ጥናት አንዱ ነው። አምስት ጤነኛ የሃያ ዓመት ወጣቶች ለሦስት ሳምንት አልጋ ላይ ሲቆዩ የሰውነታቸው የሥራ አቅም ከሩብ በላይ ቀነሰ። በኋላ ስፖርት ሲሠሩ አቅማቸው ተመለሰ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ እነዚሁ ሰዎች እንደገና ሲመረመሩ፣ ሦስቱ የአልጋ ሳምንታት ያደረሱት ጉዳት ሠላሳ ዓመት ማርጀት ካደረሰው የባሰ ሆኖ ተገኘ! ጤነኛው እንዲህ ከሆነ፣ ደረቱ ተከፍቶ የተሰፋው ሰው ምን ያህል ይደክም?

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በእግር መሄድ። ወደ ቤት በተመለሰ ሰሞን በሜዳማ ቦታ አምስት አምስት ደቂቃ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ መሄድ ይበቃል። ከዚያ በየጥቂት ቀኑ ጥቂት ደቂቃ እየጨመሩ፣ በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ሠላሳ ደቂቃ ሳያቋርጡ መሄድ ለብዙዎች የሚቻል ነው። ዳገት ይቆይ። መለኪያውም ያለ መሣሪያ ይገኛል፦ እየሄደ መጨዋወት ከቻለ መጠኑ ልክ ነው፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ሳይጨርስ ትንፋሽ ካጠረው ዝግ ይበል። መዝሙር መዘመር ከቻለ ግን ትንሽ ቢያፈጥን አይጎዳውም።

ጥንቃቄ የሚያሻው የደረት አጥንቱ ነው። በቀዶ ጥገናው ተሰንጥቆ በሽቦ የታሰረው አጥንት ጠንክሮ እስኪገጥም ወደ ሦስት ወር ይፈጃል። ስለዚህ ከመኝታ ሲነሣ በክንዱ ተጎትቶ ሳይሆን በጎኑ ዞሮ ይነሣ፤ ሲያስል ትራስ ደረቱ ላይ ይያዝ። እህቶቻችንን በተለይ ልናስብ ይገባል። ሃያ ሊትር ጀሪካን ሃያ ኪሎ ነው፤ በጀርባ ሲታዘልም ገመዱ የሚያርፈው ያንኑ ደረት ላይ ነው! ውኃ መቅዳት፣ ቡና መውቀጥ፣ ከባድ ቡሃቃ ማንሣት በእነዚህ ወራት ለሌላ ሰው ይሰጥ። ሐኪሙ ሲፈቅድም ከትንሿ ጀሪካን ይጀመር። ቡና መቁላት፣ ሽሮ መሥራት፣ ልጆችን ማስጠናት ግን ቀደም ብሎ ይቻላል፤ እባካችሁ አትከልክሏት።

የብረት ቫልቭ የተተከለለት ሰው ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ዕድሜውን በሙሉ ይወስዳል። ብርታት ስለተሰማው ወይም ስለተጸለየለት ሊያቆመው አይገባም፤ ካቆመ ደም ቫልቩ ላይ ሊረጋና ሊገድለው ይችላል። መድኃኒቱ መድማትን ስለሚያበዛ መጋጨት ያለበትን ጨዋታ ይተው እንጂ እግር ጉዞን አይከለክልም። በሩማቲክ ሕመም የተጎዳ ደግሞ ሐኪም ያዘዘለትን የፔኒሲሊን መርፌ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ እንዳያቋርጥ የፕሮጀክት ሠራተኞች ቀኑን መዝግባችሁ አስታውሱት።

በመንገድ ላይ ደረቱን ካመመው፣ ራሱን ካዞረው ወይም ልቡ ያለ ልክ ከመታ ቆሞ ይረፍ፤ ካልተሻለው ፈጥኖ ወደ ሐኪም ይወሰድ። ትኩሳት፣ ከቁስሉ የሚወጣ መግል፣ የእግር እብጠት፣ ጋደም ሲሉ የሚያፍን ትንፋሽ፣ ሲንቀሳቀስ የሚንቋቋ የደረት አጥንትም እንዲሁ ለነገ አይባሉም። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ፣ ልትጠይቁት ስትሄዱ ወንበር ስባችሁ ከመቀመጥ ይልቅ ጫማውን አቀብሉትና አብራችሁት ውጡ።