የገና ዱላ አመራረጥ፦ ተረቱና እውነታው

ታኅሣሥ ሲገባ አዲስ አበባ፣ ለቡ ያሉ የጎረቤት ልጆች የግቢያችንን በር ማንኳኳት ይጀምራሉ። «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ዱላ ይዩልኝ፣ ትለጋለች?» ዘንድሮ ከመካከላቸው አንዱ ይዞት የመጣው ግን ከዛፍ የተቆረጠ አልነበረም። አሜሪካ ያለ አጎቱ የላከለት ጥቁር፣ ቀጥ ያለ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ የሶፍትቦል ዱላ ነው፤ ኮምፖዚት የሚሉት ዓይነት። ሌሎቹ ከበውታል። ግማሾቹ «ይኼ ካለን ማንም አይችለንም» ይላሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ «ከወይራ የሚበልጥ ዱላ አልተፈጠረም» ብለው ይከራከራሉ።

ክርክሩ ደስ አሰኝቶኛል፤ ሁለቱም ወገን ግን ዱላን የሚመርጠው በስሙ ነው። ዱላ የሚመረጠው በእጅ ላይ በሚኖረው ሚዛንና በውስጡ ባለው ቃጫ አካሄድ ነው። ይህን ሳያውቁ ሜዳ መግባት ጨዋታውን ከማበላሸቱም በላይ የጓደኛን ቅልጥም ያሰብራል። ስለዚህ ከልጆቹም ከትልልቆቹም ስሰማቸው የኖርኩትን እምነቶች እዚህ ላይ ላንሣቸው።

አስቀድሞ አንድ ነገር። የአሜሪካኑ ዱላ የተሠራለት ጨዋታ ኳሷ በዝግታ፣ ከፍ ብላ ጎብጣ የምትወረወርበት የሶፍትቦል ዓይነት ነው። ኳሷ ይዛው የምትመጣው ፍጥነት ትንሽ ስለሆነ ርቃ እንድትሄድ የሚያደርጋት የመቺው ጉልበት ነው ማለት ይቻላል። ሩር የምንላት የገናዋ ኳስም መሬት ላይ ቁጭ ብላ ነው የምትጠብቀን። ስለዚህ የሁለቱ ዱላዎች ጥያቄ በመሠረቱ አንድ ነው፤ ከክንዳችን የወጣውን ጉልበት ለኳሷ አሳምሮ የሚያቀብል የትኛው ነው?

«ከባድ ዱላ ሩቅ ይመታል» የሚለው እምነት ከሁሉም ሥር የሰደደ ነው። እውነትነት የለውም አልልም፤ ግማሹ ግን ቀርቷል። ሩሯ 100 ግራም ትመዝናለች እንበል። በምትመታበት ቅጽበት ከኋላዋ የሚገፋት የዱላ ክብደት 400 ግራም ቢሆን፣ የሚተላለፍላት ፍጥነት በ400 ለ500፣ ማለትም በ80 በመቶ ይሰላል። ክብደቱን እጥፍ እናድርገውና 800 ግራም ይሁን፤ አሁን 800 ለ900 ነው፣ 89 በመቶ ገደማ። የሩሯ የመንጠር ባሕርይ በሁለቱም አንድ ስለሆነ ንጽጽሩን አይለውጠውም። እንግዲህ ዱላው እጥፍ ቢከብድ የሩሯ ፍጥነት የጨመረው 11 በመቶ ብቻ ነው። እሱም የሚገኘው ልጁ ከባዱን ዱላ ልክ እንደ ቀላሉ አፍጥኖ ማወናጨፍ ከቻለ ነው። የክንዱ ፍጥነት በ10 በመቶ ከቀነሰ ትርፉ እዚያው ጠፋ። የ12 ዓመት ልጅ ደግሞ እጥፍ የከበደ ዱላ ሲይዝ ፍጥነቱ ከ10 በመቶ በላይ እንደሚወርድ ለማየት ሒሳብ አያስፈልግም፤ አንድ ጊዜ ሲለጋ ማየት ይበቃል።

ደግሞም ክብደት ሲባል ሚዛን ላይ የሚነበበው ብቻ አይደለም። መጥረቢያ አንሡና ከብረቱ አጠገብ ይዛችሁ አወዛውዙት። ከዚያ ገልብጣችሁ የእጀታውን ጫፍ ይዛችሁ ድገሙት። መጥረቢያው ያው ነው፣ ኪሎውም ያው ነው፤ እጅ ላይ ግን ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። ልዩነቱን የሚያመጣው ክብደቱ ከእጅ ምን ያህል ርቆ እንደተቀመጠ ነው። የሶፍትቦል ዱላ ሠሪዎች ይህን አሳምረው ስለሚያውቁ አንዱን ዱላ ጫፉ ላይ ከ14 እስከ 28 ግራም ጨምረው፣ ሌላውን እኩል አከፋፍለው ይሸጣሉ። የአንድ ማንኪያ ጨው ያህል ክብደት ነው፤ ተጫዋቹ ግን ወዲያው ይሰማዋል። የእኛም ዱላ ቆልማማው ጫፍ ላይ ጉጥና ትርፍ እንጨት ከበዛበት ሚዛኑ ይበላሻል። ያንን በቢላ መጥረብ ሌላ ዛፍ ከመቁረጥ ይሻላል።

ርዝመትም እንዲሁ ነው። «የእረኛ ዱላ ነውና ረጅም መሆን አለበት» የሚሉ አሉ። እረኞች የክርስቶስን መወለድ ሰምተው በደስታ በዱላቸው ተጫወቱ፣ ገናም ከዚያ መጣ የሚለው ትውፊት ያማረ ነው፣ እኔም ለልጆቼ እነግረዋለሁ። የሉቃስ ወንጌል ግን እረኞቹ ሌሊት መንጋቸውን ሲጠብቁ መልአክ እንደተገለጠላቸው እንጂ ዱላ ይዘው እንደተጫወቱ አይጽፍም። የዱላውን ቁመት ከትውፊቱ ሳይሆን ከተጫዋቹ አካል እንለካው። ከላይ እስከ ታች እኩል የወፈረ ዱላ ከ80 ሴንቲ ሜትር ወደ 96 ቢረዝም፣ ጭማሪው 20 በመቶ ብቻ ሆኖ ሳለ ለመወናጨፍ የሚያሳየው እምቢታ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይሆናል፤ እምቢታው ከርዝመቱ ጋር በሦስተኛ ደረጃ ብዜት ስለሚያድግ ነው። ልጁ ወገቡን ትንሽ ሰበር አድርጎ ሲቆም ቆልማማው መሬት ከነካ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ወይራው። ወይራ ክቡር ዛፍ ነው፤ የወተት ዕቃችንና የጠላ ጋናችን የሚታጠነው በእሱ ነው፣ እንጨቱም ጠንካራ ነው። ጥግግቱ ግን ለውኃ የቀረበ ነው። ውፍረቱ 3፣ ርዝመቱ 90 ሴንቲ ሜትር የሆነ ደረቅ የወይራ ዱላ ወደ 640 ግራም ይመዝናል። በዚያው መጠን የተቆረጠ ጽድ 350 ግራም ገደማ ነው፤ እሱ ግን በቀላሉ ይሰነጠቃል። ለማነጻጸር ያህል፣ የሜዳ ሆኪ ዓለም አቀፍ ሕግ ለአዋቂ ተጫዋች እንኳ ከ737 ግራም የበለጠ ዱላ አይፈቅድም። ስለዚህ ወይራ ከሆነ ቀጠን ይበል፤ ለልጅ ደግሞ የመሣሪያ እጀታ የሚሆነው ክትክታ፣ እሱም ቀጠን እስካለ ድረስ፣ ሸጋ ምርጫ ነው። ባሕር ዛፍ በየደጃችን ስላለ ይዘወተራል፤ ሲደርቅ ግን መጣመምና መሰንጠቅ ልማዱ ነው። ወይራ በዝግታ የሚያድግ ዛፍ መሆኑንም አንርሳ። ለአንድ ቀን ጨዋታ ግንዱን የሚጥል ሰው ሲያጋጥመኝ ያመኛል፤ ቅርንጫፍ ይበቃል።

ከእንጨቱ ዓይነት ይልቅ ብዙ ልጆችን የሚያሳስተው ቆልማማው ነው። «ጎበጥ ካለ ሁሉም አንድ ነው» ይላሉ። አይደለም። እንጨት ፈላጭ የሆነ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፦ ግንዱን በቁመቱ ሲመታው ባንድ ምት ይከፈላል፣ በአግድሙ ሲመታው ግን ክንዱ ይዝላል። እንጨት በቁመቱ የተሰደሩ የቀጫጭን ቃጫዎች እስር ነው። ቃጫን መበጠስ ከባድ ነው፣ ቃጫን ከቃጫ ማላቀቅ ግን ቀላል። ከጣውላ ላይ ቅርጹ ተስሎ በመጋዝ የወጣ ዱላ ሲያዩት ያምራል፤ መታጠፊያው ላይ ግን ቃጫዎቹ ሁሉ ተቆርጠው አጫጭር ሆነዋል። ሩሯን አጥብቆ የለጋ ዕለት ይሰበራል፣ የተሰበረውም ቁራጭ ወደ ሰው ፊት ይበራል። ቅርንጫፍ ከግንድ በሚለይበት ቦታ በተፈጥሮ የጎበጠ እንጨት ግን ቃጫው ከመታጠፊያው ጋር አብሮ ዞሯል። የገና ዱላ ብርቱ የሚሆነው በዚህ ነው። አሮጌ ዱላ ይዛችሁ መስመሮቹን በጣት ተከተሏቸው፤ ከእጀታው ተነሥተው ቆልማማውን ዞረው እስከ ጫፉ ከደረሱ ዱላው ጤነኛ ነው። መታጠፊያው ላይ ወደ ጎን ከወጡ ግን ለምድጃ ይሁን።

በእሳት የጎበጠውስ? «እሳት ያየ ዱላ ደካማ ነው» ሲባል እሰማለሁ፤ ይህም ያለ ልክ የተጋነነ ነው። ቃጫን ከቃጫ የሚያያይዘው ሊግኒን የተባለ የተፈጥሮ ሙጫ በሙቀትና በእርጥበት ይለዝባል፣ ሲበርድ መልሶ ይጠጥራል። እርጥብ እንጨት በእንፋሎት ወይም ከፍም ራቅ ተደርጎ ቀስ እየተባለ ከሞቀ ቃጫው ሳይበጠስ ይጎብጣል። የፓኪስታኗ ሲያልኮትና የሕንዷ ጃላንዳር ለዓለም የሸጧቸው የእንጨት ሆኪ ዱላዎች ጫፋቸው የተሠራው የሐር ትል ቅጠሉን በሚበላው ዛፍ ነበር፤ እሱም በሙቀት የጎበጠ ነው። ዱላውን የሚገድለው ነበልባል ውስጥ ገብቶ መክሰሉ ነው። ከጠቆረ አትያዙት።

«እርጥብ ዱላ አይሰበርም» የሚለው ደግሞ መተጣጠፍን ከጥንካሬ ጋር ያምታታል። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ለጠጥ ይላል፣ ግን ውኃ ተሸክሟል፤ ይከብዳል፣ ጉልበትንም ይውጣል። እርጥበቱ ከደረቁ እንጨት ክብደት ወደ 30 በመቶ ገደማ እስኪወርድ ድረስ ጥንካሬው አይለወጥም። ከዚያ በታች ሲደርቅ ግን እየጠነከረ ይሄዳል። ቸኩሎ ፀሐይ ላይ ማስጣት ደግሞ ይሰነጥቀዋል፤ ውኃው በሁለቱ ጫፎች በኩል ከጎኑ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ስለሚወጣ መሰንጠቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ጫፎቹን በሻማ ሰም መድፈን፣ ጥላ ሥር ማስቀመጥ፣ መታገሥ። ቅቤ ወይም ዘይት መቀባትም እርጥበት በፍጥነት እንዳይገባና እንዳይወጣ ያግዛል እንጂ ብርታት አይጨምርም። ታኅሣሥ ተቆርጦ ታኅሣሥ 29 ሜዳ የሚገባ ዱላ እንግዲህ ገና ጥሬ ነው።

የልጁን ጥቁር ዱላ ወደ ማየቱ እንመለስ። ኮምፖዚት ሲባል ብዙዎቹ ከሰማይ የወረደ አዲስ ጥበብ ይመስላቸዋል። የጭቃ ቤት የመረገ ሰው ግን ነገሩን ያውቀዋል። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ጭድም ብቻውን ግድግዳ አይሆንም፤ የጤፍ ጭድ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ሲለጠፍ ግን ጭዱ ስንጥቁን ይይዘዋል፣ ጭቃው ጭዱን ያቅፈዋል። በኮምፖዚት ዱላ ውስጥ ጭዱ የካርቦን ወይም የመስተዋት ክር ነው፣ ጭቃው የሚጠጥር ሙጫ። እንጨትም ራሱ ቃጫና ሊግኒን ነውና የዚያው ወገን ነው።

ታዲያ የሶፍትቦሉ ዱላ ለምን ያርቃል? ምስጢሩ ክሩ ብቻ ሳይሆን ክፍትነቱ ነው። ለስላሳ ኳስ ጠንካራ ነገር ላይ ስትመታ ራሷ ትጨፈለቅና ጉልበቷን በሙቀት ታባክናለች፤ የሶፍትቦል ኳስ ከማይነቃነቅ ግድግዳ ስትነጥር ከያዘችው ኃይል የምትመልሰው አንድ አምስተኛ ያህሉን ብቻ ሊሆን ይችላል። የቱቦው ስስ ግድግዳ ግን እንደ ሞላ ገባ ብሎ ይመለሳል፣ ኳሷም ያን ያህል አትጨፈለቅም። በዚህ ምክንያት አሜሪካ ውስጥ አንዱ ትልቅ የሶፍትቦል ማኅበር በቤተ ሙከራ ፍተሻ ኳሷ በሰዓት ከ98 ማይል፣ ማለትም ከ158 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ፈጥና እንድትወጣ የሚያደርግ ዱላ አይፈቅድም፤ የሚጠብቀው ሜዳ ላይ የቆመውን ሰው ነው።

«አዲሱ ይበልጣል» የሚለው እምነትም እዚህ ላይ ይገለበጣል። ኮምፖዚት ዱላ አዲስ ሳለ ግትር ነው። እየመታ ሲሄድ ሙጫው ውስጥ ረቂቅ ስንጥቆች እየተፈጠሩ ግድግዳው ይለዝባል፣ ኳሷንም የበለጠ ያርቃል፤ በመጨረሻ ይሰነጠቃል። ብርድም ይጎዳዋል፤ ሠሪዎቹ ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች እንዳይመቱበት ያስጠነቅቃሉ፣ የአዲስ አበባ የታኅሣሥ ማለዳ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ10 ዲግሪ በታች ነው። ከእንጨት ሥር የተጠረበች ሩር ወይም የሜዳ ድንጋይ ቢመታበት ስስ ግድግዳው በአንድ ቀን ይጎዳል። ቀጥ ያለ በመሆኑም መሬት ላይ ያለችውን ሩር አይጠልፍም።

አንድ የዋህ ስሕተት ደግሞ ከውጭ የሚመጡ ዘመዶች ይሠራሉ፦ እዚህ ሜዳ ላይ ኳሷ ስትርቅ «ዱላዬ ተሻሽሏል» ይላሉ። የተለወጠው አየሩ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች በመሆኗ አየሯ ከባሕር ዳርቻው ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው፤ የምትበር ኳስ የሚገታት ነገር ይቀንሳል። ለገና ይህ ብዙም አይረባም። ሩሯ አብዛኛውን መንገድ በመሬት ስለምትሄድ ከሁሉም የሚበልጠው የሜዳው ነገር ነው፤ በእኛ በኩል መረሬው በበጋ ተሰነጣጥቆ ሩሯን ይውጣታል። ኮንዶሚኒየሙ ሳይመጣ በፊት እዚህ ያርሱ የነበሩ የኦሮሞ አባቶች ይህንኑ ጨዋታ ቂሌ ይሉታል፤ ከብት የጋጠው ሜዳ ለሩር ከሁሉ እንደሚሻል የሰማሁት ከእነሱ ነው። ያ ሜዳ በየዓመቱ እየጠበበ ነው፤ ከዱላው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ለልጆቹ ያሳየኋቸው ፍተሻ ቀላል ነው። የዱላውን እጀታ በሁለት ጣት ላላ አድርጋችሁ አንጠልጥሉት፣ በሌላ ትንሽ እንጨት ከላይ እስከ ታች መታ መታ አድርጉት። ጣታችሁ ንዝረት የማይሰማው አንድ ቦታ ታገኛላችሁ፤ ሩሯን መለጋት ያለባችሁ በዚያ አካባቢ ነው፣ ቆልማማውም እዚያው ከዋለ ዱላው ዕድለኛ ነው። ድምፁንም አድምጡ። ጤነኛ እንጨት ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ ውስጡ የተሰነጠቀ ግን ይታፈናል። ይህ ለኮምፖዚቱም ይሠራል።

ልጁ ጥቁሩን ዱላ ለቴኒስ ኳስ አስቀመጠው። ከግቢያችን ጥግ ካለችው ክትክታ አንድ ቆልመም ያለ ቅርንጫፍ ቆረጥን፤ ሁለቱን ጫፎች ሰም ቀብቶ ከቆጡ ሥር ሰቀለው። የከርሞ ዱላው ነው። ለዘንድሮው ታላቅ ወንድሙ አምና የተጫወተበትን ይዞ ይወጣል።