ሲበጠበጥ የሚወለደው ማባያ

በርበሬ ያቃጥላል፤ ሰናፍጭ ይሰነፍጣል። አማርኛ ለሁለቱ ሁለት ግሥ መስጠቱ በከንቱ አይደለም። የበርበሬው ምላስ ላይ ይቀመጣል፣ ውኃ ቢጠጡበትም አይለቅም። የሰናፍጩ ወደ አፍንጫ ይወጣል፣ ዓይን ያስነባል፣ አናት ድረስ ይዘልቅና ሁለት ጊዜ እስኪተነፍሱ ድረስ ብን ብሎ ይጠፋል። የበርበሬ ማቃጠያ፣ ካፕሳይሲን የሚሉት፣ ገበታ ላይ እንዲህ በቀላሉ አይተንም። የሰናፍጩ ግን ከተፈጠረባት ደቂቃ ጀምሮ መትነን ይጀምራል።

ተዘጋጅቶ በጠርሙስ የሚሸጠውን ሰናፍጭ መግዛት ኪሳራ የሚመስለኝም በዚሁ ምክንያት ነው። ከሱፐርማርኬት መደርደሪያ ያንን ቢጫ ጠርሙስ አንሥተው ጀርባውን ያንብቡ፤ ውኃ፣ ኮምጣጤ፣ የሰናፍጭ ዘር፣ ጨው፣ እርድ። ደማቁ ቢጫ ቀለም የእርዳችን ነው። ዘሩም አብዛኛውን ጊዜ ነጭ የሚባለው ለስላሳ ዝርያ ስለሆነ አፍንጫ ድረስ የሚሄድበት አቅም የለውም። ውኃና ኮምጣጤ ባሕር ተሻግሮ እንዲመጣልን የምንከፍለው ገንዘብ፣ እህል ተራ ብንሄድበት ለወራት የሚበቃ ዘር ይገዛል።

ደረቁን ፍሬ በእፍኝ ይዘው ቢያሸቱት ምንም አይልም። ሽታውም ኃይሉም ገና አልተፈጠረም። ፍሬው ውስጥ ሲኒግሪን የሚባል ንጥረ ነገርና ማይሮሲኔዝ የሚባል ኢንዛይም በየክፍላቸው ተለያይተው ይኖራሉ። ፍሬው ተወቅጦ ውኃ ሲነካው ይገናኛሉ፤ ያ የሚሰነፍጠው ዘይት የሚወለደው ያኔ ነው። ተክሉ ይህን ያዘጋጀው ለእኛ ሳይሆን ሊያኝከው ለሚመጣ ተባይ ነበር።

ይህን ሳላውቅ መጀመሪያ የሠራሁት ሰናፍጭ መሳቂያ አድርጎኝ ቀርቷል። ዱቄቱ ደህና እንዲዋሐድልኝ ብዬ የፈላ ውኃ አፈሰስኩበት። የወጣው መራራ፣ ግራጫ ማጣበቂያ ነው፤ አፍንጫዬ ድረስ አስጠግቼ ባሸተው ትንፍሽ የለም። ጎረቤታችን እማማ ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱና «ምነው ልጄ፣ ገደልሽው እኮ!» አሉኝ። ቃል በቃል ልክ ነበሩ። ሙቀት ኢንዛይሙን ይገድለዋል፣ የሚቀረው ምሬቱ ብቻ ነው።

ሎሚና ኮምጣጤም ቶሎ ከገቡ ኢንዛይሙን ያዳክሙታል። ዘግይተው ከገቡ ግን በጎ ይሠራሉ፤ የተወለደውን ኃይል ቶሎ እንዳይሸሽ ይይዙታል። እንግዲህ ጥበቡ ሁሉ የሰዓት ጉዳይ ነው ማለት ይቻላል። ዘሩ ይለቀማል (አሸዋ አይጠፋውም)፣ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ በደንብ ይደርቃል፣ በሙቀጫ ወይም በቡና መፍጫ ይደቃል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በሦስት ወይም በአራት ማንኪያ ቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጥና ተከድኖ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቆያል። ጨው፣ ሎሚ፣ ጥቂት ዘይት ከዚያ በኋላ። ነጭ ሽንኩርት የሚጨምር ሰው ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጦ በጥቂት ቀናት ይጨርሰው፤ በዘይት የተያዘ ነጭ ሽንኩርት ውጭ ማሳደር አደገኛ ነው። ስኳር የሚጨምሩም አሉ። እኔ አልጨምርም፣ አልከራከርምም።

የድሮ ባለሙያዎች ሕጉን የሚያውቁት በእጃቸው ነው። ስልጆን ተመልከቱ። የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውኃ ተበጥብጦ እንደ ገንፎ ይበስላል፤ የሰናፍጩ ዱቄት ግን የሚገባው ከበረደ በኋላ ነው። ከዚያ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉና ከጤና አዳሙ ጋር ለቀናት ይብላላል፤ ደስ የሚል ኮምጣጣነቱን የሚያመጡለት እርጎን የሚያኮመጥጡት ባክቴሪያዎች ዘመዶች ናቸው። አዚፋም እንዲሁ ነው። ድፍኑ ምስር ተቀቅሎ፣ ቀዝቅዞ፣ ግማሽ በግማሽ ተደቁሶ ነው ቃሪያውንና ሰናፍጩን የሚያገኘው። ትኩስ ምስር ላይ ሰናፍጭ የሚያፈስ ሰው ኃይሉን ለወጥ ቤቱ ጣሪያ ሰጠው ማለት ነው። በጾም ወራት ቅቤም ሥጋም በሌለበት ገበታ ላይ እነዚህ ሁለቱ ባይኖሩ ምን እንበላ እንደነበር አላውቅም።

ዝምድናው ደግሞ ከገበታውም ይጠልቃል። እ.ኤ.አ. በ1935 ናጋሃሩ ዩ የተባለ በጃፓን ይሠራ የነበረ ተመራማሪ የጎመን ቤተሰብን የዘር ሐረግ አወጣ። ሰናፍጭ 8 ጥንድ ክሮሞሶም አለው፣ ጥቅል ጎመን 9። በየጓሯችን የሚበቅለው የአበሻ ጎመን 17። ድምሩ እንዲያው የገጠመ አይደለም፤ ጎመናችን የሁለቱ ድቅል ነው። ክትፎ አጠገብ የሚቀርበው ጎመንና ቁርጥ አጠገብ የሚቀርበው ሰናፍጭ ልጅና ወላጅ ናቸው እንደማለት ነው።

ውጭ አገር ያለ ሰው ዘሩን ከህንድ ሱቅ ያገኛል፤ «ራይ» ብሎ ቢጠይቅ ይሰጡታል። የዚያኛው ብዙውን ጊዜ ቡናማው የአጎት ልጅ ነው፤ ሲኒግሪን አለውና ይሰነፍጣል። ነጩን ግን ይተወው። ዘሩን በእጅ መያዝ ምን እንደሚያድን ፈረንሳዮችም አይተውታል። በዲዦን ከተማ ስም የሚጠራው ሰናፍጫቸው የሚሠራው በአብዛኛው ከካናዳ በሚመጣ ዘር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የካናዳን ማሳ ድርቅ ሲመታው በ2022 የፈረንሳይ ሱቆች መደርደሪያ ባዶ ሆነ።

እኛ ቤት አሁን ደረቁ ዱቄት በብልቃጥ ይቀመጣል፤ የሚበጠበጠው የዕለቱ ብቻ ነው። እማማ አሁንም ሳይቀምሱ ነው የሚፈትኑት። ክዳኑን ከፈት አድርገው አንዴ ይስባሉ፤ ዓይናቸው እንባ ካላቀረረ ሳህኑን ወደ እኔ መልሰው ይገፉታል።